ሚኒሞ ላይ የምትንቀጠቀጥ መኪና፦ ኢንጀክተር ከመግዛትዎ በፊት የሚለኩ ነገሮች

ሚኒሞ ማለት ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚሠራበት ዝቅተኛ ዙር ነው። ስለሱ የቀረበልኝ ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው።

«መኪናዬ የ2006 መርሰዲስ ኢ 350 ናት። ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 3.5 ሊትር። ዲ ላይ ሆና ስትቆም ትንቀጠቀጣለች። ወንበሩም መሪውም ይርገበገባል። መንገድ ላይ ስነዳት ግን ምንም አትልም። ጠዋት ስትነሳ ይብስባታል። ካንዴላዎቹ በሙሉ ተቀይረዋል። ሁለት ኮይል ተቀይሯል። ትሮትሉ ታጥቧል፤ የአየር ፊልትሮውም አዲስ ነው። የቼክ ኢንጂን መብራት አንዳንዴ ይበራል፣ ከዚያ ይጠፋል። ስካነር ሲገባ ፒ0300 እና ፒ0171 ይላል። አሁን ደግሞ ‹ኢንጀክተሮቹን በሙሉ እንቀይር፤ ካልተስተካከለ ኮምፒውተሩ ነው› ተባልኩ። ምን ይሻለኛል?»

ኢንጀክተሩንም (ቤንዚን የሚረጨውን) ኮምፒውተሩንም ለጊዜው ይተዉት። ሁለቱም ሊበላሹ ይችላሉ፤ ግን እስካሁን የነገሩኝ ነገር ወደ እነሱ አይጠቁምም። እስካሁን የተቀየረው ሁሉ የተቀየረው በግምት ነው። ካንዴላ (ብልጭታ የሚሰጠው)፣ ኮይል (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው)፣ የትሮትል (የአየር በሩ) እጥበት፤ ሚኒሞዋ የተዛባ መኪና ሁሉ መጀመሪያ የሚደረግላት ይህ ነው። ችግሩ በዚህ ሁሉ መሃል አንድም ነገር አልተለካም። ከላኩልኝ ውስጥ ልኬት የሚባል ነገር ያለው ፒ0171 ላይ ብቻ ነው። እኔም እሱን ይዤ ነው የምሄደው።

ከሱ በፊት ግን አንድ ነገር እንለይ። የሚንቀጠቀጠው ሞተሩ ነው ወይስ ሞተሩ ደህና ሆኖ ንዝረቱን ወደ አካሉ የሚያሳልፍ ነገር አለ? ሁለቱ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው ተመሳሳይ ይመስላሉ። ትንሽ ሒሳብ ግን ይለያቸዋል።

ሚኒሞው 650 ዙር በደቂቃ ነው እንበል። በባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር እያንዳንዱ ሲሊንደር በሁለት ዙር አንዴ ይተኩሳል። ስለዚህ ስድስቱ ተደምረው በሰከንድ 32 ጊዜ ያህል ይተኩሳሉ። ይህ በጣም ፈጣን ነው፤ እጅ ላይ የሚሰማው እንደ ቀጭን «ዝዝዝ» ነው። አንድ ሲሊንደር ሲሰንፍ ግን የሚሰማው ጉድለት በሰከንድ አምስት ጊዜ ያህል ብቻ ነው የሚመጣው። እሱ «ድብ፣ ድብ፣ ድብ» ይላል፤ ሊቆጠር ትንሽ ነው የሚቀረው።

እና እንዲህ ያድርጉ። መኪናዋ ሞቃ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ እግርዎ ፍሬን ላይ ሆኖ ዲ ውስጥ ያስገቧት። ዓይንዎን ጨፍነው ንዝረቱን ያዳምጡ። ከዚያ ወደ ኤን (ነፃ ማርሽ) ያውጧት። ንዝረቱ ቀጭንና ፈጣን ከሆነ፣ ኤን ላይ ደግሞ ጥርት ብሎ ከጠፋ፣ የሞተር መቀመጫ ጎማዎቹን ይጠርጥሩ። የዚህ መኪና መቀመጫዎች ውስጣቸው ፈሳሽ ያለባቸው ናቸው። ሲያረጁ ፈሳሹ ይፈስና ጎማው ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ያኔ ሞተሩ ፍጹም ጤነኛ ሆኖም መኪናዋ ትርገበገባለች። የካምቢዮውም መቀመጫ ሲያረጅ እንዲሁ ንዝረት ያሳልፋል። ንዝረቱ ግን ዘገምተኛና ምቱ የተዛነፈ ከሆነ፣ ኤን ላይም ቀንሶ የማይጠፋ ከሆነ፣ ጉዳዩ ከሲሊንደር ውስጥ ነው የሚመጣው። ከመኪናው ኋላ ቆመው የጭስ ማውጫውን ድምፅ ቢያዳምጡም ይታወቃል። ተኩስ የሚዘል ሞተር ድምፁ ላይ ክፍተት ይተዋል።

የእርስዎ መኪና ሚስፋየር (ሲሊንደር በደንብ ሳይተኩስ መቅረቱን) መዝግባለች። ስለዚህ ቢያንስ አንዱ ክፍል ከሞተሩ ነው። ሆኖም ዕድሜዋን ስናይ ሁለቱም አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። ሞተሩ ከተስተካከለ በኋላ ቀጭን ንዝረት ቢቀር አይደናገጡ። ያ የመቀመጫው ድርሻ ነው።

አሁን ወደ ኮዶቹ። ፒ0300 ብዙ ሰው የሚረዳው «ካንዴላ ወይም ኮይል ተበላሸ» ብሎ ነው። ኮምፒውተሩ ግን የእሳት ብልጭታ አይቶ አይደለም ይህን የሚጽፈው። እሱ የሚያየው የክራንክሻፍቱን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ) ፍጥነት ነው። አንድ ሲሊንደር በደንብ ሲተኩስ ክራንክሻፍቱ ለቅጽበት ይፈጥናል። ያ መፍጠን ሲጎድል «ሚስፋየር» ብሎ ይቆጥራል። ብልጭታ ይጥፋ፣ ቤንዚን ይነስ፣ አየር ይብዛ፣ ቫልቭ አይግጠም፤ ለእሱ ሁሉም አንድ ናቸው። ፒ0300 ማለት ደግሞ ጉድለቱ አንድ ሲሊንደር ላይ ብቻ አልታየም ማለት ነው። አንድ ሲሊንደር ቢሆን ኖሮ ከፒ0301 እስከ ፒ0306 ካሉት አንዱን ለይቶ ይጽፍ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ከመካኒክዎ የሚጠይቁት ዕቃ ሳይሆን ቁጥር ነው። ደህና የሆነ ስካነር የእያንዳንዱን ሲሊንደር የሚስፋየር ቆጠራ ለየብቻ ያሳያል። በዚህ ሞተር ላይ ከ1 እስከ 3 ያሉት ሲሊንደሮች በቀኝ በኩል ናቸው፤ ከ4 እስከ 6 ያሉት በግራ። ቀኝና ግራ የምለው መሪ ላይ ለተቀመጠ ሰው ነው። ቆጠራው 1፣ 2 እና 3 ላይ ከተሰበሰበ ችግሩ የቀኙን ወገን በሙሉ የሚመለከት ነገር ነው። ስድስቱም ላይ ከተበተነ ለሁሉም የጋራ የሆነ ነገር እንፈልጋለን። አንዱ ላይ ከቆመ ደግሞ ሥራው ይቀላል።

እዚህ ላይ ነው ፒ0171 የሚረዳን። ትርጉሙ «በአንደኛው ወገን ድብልቁ ቀጥኗል» ነው፤ አየሩ ለቤንዚኑ በዝቷል። አንደኛው ወገን የሚባለው የቀኙ ነው። የግራው ቢሆን ፒ0174 ይመጣ ነበር። እሱ አልመጣም። ይህ ትንሽ ነገር አይምሰልዎ። የአየር መለኪያ ሴንሰሩ አንድ ነው፤ ለሁለቱም ወገን ነው የሚለካው። የቤንዚን ፓምፑም አንድ ነው። እነሱ ቢደክሙ ሁለቱም ወገን ነበር የሚቀጥነው። በእርስዎ መኪና አንድ ወገን ብቻ ስለተመዘገበ ሁለቱን ወደ ኋላ አድርጌ ቀኙን ማየት እመርጣለሁ።

«ኢንጀክተር በሙሉ» የሚለው ሐሳብም ያልጣመኝ ለዚህ ነው። ስድስት ኢንጀክተሮች አሉ። ሦስቱ በአንድ ወገን፣ በአንድ ጊዜ፣ እኩል ተደፍነው የሌላው ወገን ሦስቱ ንጹሕ ይሆናሉ ማለት ያስቸግራል።

ለመሆኑ መንገድ ላይ ደህና የሆነች መኪና ስትቆም ለምን ትታመማለች? ብዙው መልስ አየሩ ላይ ነው። ይህን ያህል ሞተር ሞቆ ሚኒሞ ላይ ሲሠራ የሚስበው አየር በሰከንድ 4 ግራም ገደማ ነው። ነዳጅ ሙሉ በሙሉ ሲረገጥ ግን ከ150 ግራም ያልፋል። አሁን የሆነ ቦታ አንድ ጎማ ተሰንጥቆ በሰከንድ ግማሽ ግራም ያልተለካ አየር ያስገባል እንበል። ሚኒሞ ላይ ይህ ከ12 በመቶ በላይ ስሕተት ነው። ሞተሩ 40 ግራም በሚስብበት ጊዜ ግን ከአንድ በመቶ ብዙም አያልፍም። በዚያ ላይ ትሮትሉ ሲከፈት ማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ክፍል) ውስጥ ያለው ቫኪዩም፣ ማለትም የመሳብ ኃይሉ፣ ይቀንሳል፤ ስንጥቁም የሚያስገባው ያንሳል። አንዲት ጠብታ ቀለም ብርጭቆ ውኃ ውስጥም ባልዲ ውስጥም እንደመጣል ነው። ጠብታዋ ያው ናት፤ የሚታየው ግን ብርጭቆው ላይ ነው።

ይህን በዓይን የሚያሳየን ፊውል ትሪም የሚባለው ንባብ ነው። በእኔ አስተያየት ሚኒሞ ለሚመረምር ሰው ከዚህ የሚበልጥ ቁጥር የለም። ተራ ስካነር እንኳ ያሳየዋል። ኮምፒውተሩ በኦክስጅን ሴንሰሩ አማካይነት ድብልቁን እያየ ቤንዚን ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። የሚፈልገው 14.7 እጅ አየር ለአንድ እጅ ቤንዚን ነው። ስንት በመቶ እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ ይጽፋል። የአጭር ጊዜውና የረጅም ጊዜው አንድ ላይ ተደምረው ይነበባሉ። ወደ ዜሮ የተጠጋ ቁጥር ጤና ነው። እስከ 10 የሚደርስ ብዙ አያሳስብም። ወደ 20 ሲጠጋና ሲያልፍ ፒ0171 ይወለዳል።

ንባቡን እንዲህ ይውሰዱት። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይሙቅ። ሚኒሞ ላይ ለሁለት ደቂቃ ያህል ይተዉትና የሁለቱንም ወገን ቁጥር ይጻፉ። ከዚያ 2500 ዙር ላይ ይዘውት ቁጥሮቹ እስኪረጋጉ ይጠብቁና እንደገና ይጻፉ። ቀኙ ሚኒሞ ላይ ለምሳሌ ሲደመር 18 ሆኖ 2500 ላይ ወደ 4 ከወረደ፣ ያልተለካ አየር እየገባ ነው ብዬ ለመናገር አልፈራም። ቁጥሩ ሚኒሞ ላይ ደህና ሆኖ ነዳጅ ሲሰጥ እያደገ ከሄደ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ያኔ የቤንዚን ግፊትና የአየር መለኪያ ሴንሰር ይታያሉ። ቁጥሩ በሁለቱም ቦታ እኩል ከፍ ካለም አንድ ሌላ ተጠርጣሪ አለ፤ ወደሱ እመጣለሁ።

ጠዋት ይብሳል ያሉት ከዚህ ጋር ይስማማል። ጎማና ፕላስቲክ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ክፍተቱ ይሰፋል። ሲሞቅ ደግሞ ይለጠጥና ይገጥማል። በዚያ ላይ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ኦክስጅን ሴንሰሩ ገና ሥራ አልጀመረም። ኮምፒውተሩ የገባውን ትርፍ አየር አያይም፤ ስለዚህ አያርምም። ሞተሩ ያለ ረዳት ነው የሚንቀጠቀጠው።

አየሩ በየት ይገባል? የታወቀው መንገድ የሚረጭ ማጽጃ በየጎማው ላይ እየረጩ ዙሩ ሲለወጥ ማዳመጥ ነው። እኔ አልወደውም። የሚረጨው ነገር ይቀጣጠላል፤ የጭስ ማውጫው ደግሞ አጠገቡ ግሎ ቆሟል። የጭስ ማሽን ካለ እሱ ይሁን። ሞተሩ ጠፍቶ፣ የአየር መግቢያው ተደፍኖ፣ በጣም አነስተኛ በሆነ ግፊት ጭስ ወደ ማኒፎልዱ ይገባል። መብራት ይዘው በእርጋታ ይዙሩ። ቀጭን የጭስ ክር በሚወጣበት ቦታ አየርም ይገባል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ቢደረግ ይመረጣል፤ መኪናዎ የምትታመመው ያኔ ነውና።

በዚህ ሞተር ላይ የማያቸው ቦታዎች አሉ። አንደኛው የሞተሩን የውስጥ ትነት ወደ ማኒፎልድ የሚመልሰው ቱቦ ነው። ከሙቀትና ከዘይት የተነሳ ይደርቃል፤ በጣት ሲጫኑት እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰነጠቃል። ሁለተኛው በማኒፎልዱና በቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ራስ) መሃል ያለው ማሸጊያ ነው። ማኒፎልዱ ከዚህ በፊት ወርዶ ያውቃል? አሮጌው ማሸጊያ ተመልሶ ገብቶ ከሆነ፣ ወይም ቡሎኖቹ ከመሃል ጀምሮ በየተራ ሳይጠብቁ ቀርተው ከሆነ፣ አንድ ወገን ብቻ ማስገባቱ የተለመደ ነው። የኢንጀክተር ላስቲክ ቀለበቶችም እንዲሁ ናቸው። ኢንጀክተሩ ራሱ ጤነኛ ሆኖ ታችኛው ቀለበቱ ደርቆ አየር ያስገባል። ይህ ሆኖ ኢንጀክተሮቹ በሙሉ ቢቀየሩ መኪናዋ ትድናለች፤ ያዳናት ግን አዲሱ ቀለበት ነው። «ኢንጀክተር ነበር» የሚለው እምነት ከዚህ ዓይነት አጋጣሚ ነው የሚያድገው።

ማኒፎልዱ ላይ ሌላም አለ። ውስጡ አየሩን የሚያሽከረክሩ ትናንሽ በሮች አሉ። በሮቹን የሚያንቀሳቅሰው በቫኪዩም የሚሠራ ትንሽ ማንሻ ነው። የፕላስቲክ ክንዱ በመሰበር ይታወቃል። ሲሰበር አብዛኛውን ጊዜ ፒ2004 ወይም ፒ2006 ይመጣል። የእርስዎ አላመጣም፤ ሆኖም የማንሻው ሽፋን ቢቀደድ ኮድ ሳያመጣም አየር ያስገባል። የእጅ ቫኪዩም ፓምፕ ይሰካበትና ይሳብ። መርፌው ባለበት ከቆመ ደህና ነው። እያዩት ከወረደ ተቀዷል።

አሁን ወደ ሌላው ተጠርጣሪ። ጭሱ ምንም ካላሳየስ? ያኔ «ድብልቁ ቀጥኗል» ያለው ሴንሰር እውነቱን ነው ወይ ብለን እንጠይቅ። ኦክስጅን ሴንሰሩ የሚያየው ጭስ ማውጫው ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን ነው። ከሴንሰሩ በፊት ያለው የጭስ ማውጫ መጋጠሚያ ከተሰነጠቀ፣ በሁለት የጭስ ግፊቶች መሃል የውጭ አየር ወደ ውስጥ ይሳባል። ሴንሰሩ ኦክስጅን ያያል። ኮምፒውተሩ «ቀጥኗል» ብሎ ቤንዚን ይጨምራል። ሲሊንደሮቹ ግን መጀመሪያውኑ በቂ ነበራቸው፤ አሁን ይበዛባቸዋል። ሞተሩ የሚንቀጠቀጠው በቤንዚን ብዛት፣ ኮዱ የሚጮኸው ስለ ቤንዚን ማነስ። ብዙ መኪና በዚህ ምክንያት ያለ ጥፋቷ ፓምፕና ኢንጀክተር ተቀይሮባታል።

ይህን የሚለየው ካንዴላ ነው። ስድስቱንም ያውጡና ንጹሕ ጨርቅ ላይ በቁጥራቸው ቅደም ተከተል ይደርድሯቸው። ሦስቱ የቀኙ በአንድ ረድፍ፣ ሦስቱ የግራው በሌላ። አዲስ ስለሆኑ ገና ቀለም ካልያዙ ጥቂት ቀን ይነዱና ይውጡ። ጤነኛ ካንዴላ ጫፉ ላይ ያለው ነጭ ሸክላ ቀለል ያለ ቡና ዓይነት ወይም ግራጫ ይሆናል። የቀኞቹ ከግራዎቹ ይልቅ ነጣ ብለው የተቃጠሉ ከመሰሉ፣ ድብልቁ በእርግጥ ቀጥኗል፤ አየር መፈለጉን ይቀጥሉ። የቀኞቹ በደረቅ ጥቀርሻ ጠቁረው የግራዎቹ ንጹሕ ከሆኑ ግን ሴንሰሩ ተታሏል። የጭስ ማውጫውን መጋጠሚያ፣ ቀጥሎም ሴንሰሩን ራሱን ይመርምሩ። ጠዋት ሲነሳ «ትክ ትክ» የሚል፣ ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋ ድምፅ ከቀኝ በኩል ካለ፣ መጋጠሚያው ዙሪያ ደግሞ ጥቁር አሻራ ካዩ፣ ብዙ መልፋት አያስፈልግም።

አንደኛው ካንዴላ ብቻ ቤንዚን ነክቶት እርጥብ ከሆነ ደግሞ ያ ሲሊንደር አልተኮሰም። ኮይሉን ከሌላ ሲሊንደር ጋር ያቀያይሩት። ሚስፋየሩ ኮይሉን ተከትሎ ከሄደ ኮይሉ ነው፤ ባለበት ከቀረ አይደለም። እስካሁን የተቀየሩት ሁለት ኮይሎች በዚህ መንገድ ተፈትነው ነው የተቀየሩት? መጠየቅ መብትዎ ነው። ካንዴላዎቹም የተባለላቸው ዓይነት መሆናቸውን ይዩ። ታዋቂ ስም የተጻፈበት ተመሳስሎ የተሠራ ካንዴላ በየቦታው አለ። 

የዚህ ሞተር የራሱ የሆነ አንድ ጉዳይ ደግሞ የካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ጊዜ የሚያስተካክሉት ማግኔቶች ናቸው። ከሞተሩ ፊት ለፊት አራት አሉ። ሲያረጁ ዘይት በውስጣቸው አልፎ ወደ ሶኬቱ ይገባል። ዘይቱ እዚያ አይቆምም። በገመዱ ውስጥ፣ በመዳብ ክሮቹ መሃል እየተሳበ ይሄዳል። ኦክስጅን ሴንሰሩ ሶኬት ድረስ፣ ሲብስም ኮምፒውተሩ ድረስ ይደርሳል። ምርመራው ቀላል ነው። የማግኔቶቹን ሶኬት አንድ በአንድ ይንቀሉና ውስጡን በነጭ ጨርቅ ይጥረጉ። ጨርቁ ንጹሕ ከወጣ ይመስገን። ዘይት ከያዘ ማግኔቱ ይቀየር፤ ዘይቱ ወደ ዋናው ገመድ እንዳያልፍ መሃል ላይ የሚገባ አጭር ገመድም አለ። «ኮምፒውተሩ ነው» ያለዎት ሰው መጀመሪያ ይህን ማየት ነበረበት። ኮምፒውተር ብቻውን ሚኒሞ ለማዛባት የሚበላሽበት አጋጣሚ በጣም ጥቂት ነው። ዘይት የገባበት ግን የሚበላሽበት ምክንያት አለው፤ ዘይቱ ሳይቆም አዲስ ቢገባም ያው ነው።

ከሁሉም ከባዱን መደበቅ አልፈልግም። ይህ ሞተር የ90 ዲግሪ ቪ ስለሆነ የተፈጥሮ ንዝረቱን የሚያጠፋ ባላንስ ሻፍት አለው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በተሠሩት ላይ የዚህ ሻፍት ጥርስ ያለ ጊዜው ያልቃል። የ2006 መኪና በዚያ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ሞተር ቁጥሩ ከአምራቹ ዝርዝር ጋር ሲታይ ይለያል። ጥርሱ ሲያልቅ ካቴናው (ሰንሰለቱ) ቦታውን ይስትና የካምሻፍቶቹ ጊዜ ይዛባል። ብዙውን ጊዜ ፒ0016 ወይም የሱ ቤተሰብ የሆነ ኮድ ይመጣል። የእርስዎ ይህን አላመጣም፤ ስለዚህ ዛሬ አይጨነቁበት። ጥገናው ሞተር ማውረድ ስለሚጠይቅ ሰው በስሙ ብቻ ይደነግጣል፤ «ባላንስ ሻፍት ነው» የሚል ፍርድም ያለ ማስረጃ መቀበል የለብዎትም።

ማስረጃው ደግሞ ሞተር ሳይፈታ ይገኛል። የክራንክሻፍቱ ፑሊ በእጅ፣ በቁልፍ፣ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ብቻ እየዞረ 305 የሚለው ምልክት ላይ ይቆማል። ወደ ኋላ መመለስ የለም፤ ካለፈ እንደገና ይዞራል። ከዚያ የካምሻፍት ሴንሰሮቹ ይነቀሉና በቀዳዳቸው ወደ ውስጥ ይታያል። እዚያ ያሉት ክብ ብረቶች ላይ ያለው ምልክት ቀዳዳው መሃል ላይ መቀመጥ አለበት። ከመሃል ርቆ ወደ ጎን ከሸሸ ጊዜው ተዛብቷል። አንድ መብራትና ትዕግሥት ነው የሚፈልገው።

የሲሊንደር ግፊት መለካትም ይደረግ፤ ካንዴላዎቹ ከወጡ አይቀር። የሚፈለገው የስድስቱ መቀራረብ ነው። አንዱ ከሌሎቹ ከ15 በመቶ በላይ ካነሰ የቫልቭ ወይም የፒስተን ጉዳይ ነው፤ ያኔ ከላይ ያልነው ሁሉ ይቆያል።

ስለ ካርቦን ጠረጋ አንድ ቃል። «ቫልቮቹ ካርቦን ይዘዋል፣ ይጠረግ» የሚልዎት አይጠፋም። ያ ችግር በዋናነት ቤንዚን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጩ ሞተሮች ላይ ነው የሚበረታው። የእርስዎ፣ ልዩ የሆነው ቀጥታ የሚረጨው ዓይነት ካልሆነ በቀር፣ ቤንዚኑን የሚረጨው ከቫልቩ በፊት ስለሆነ ቫልቩን እያጠበ ነው የሚያልፈው። በመጀመሪያ ረድፍ አላስገባውም።

ትሮትሉ መታጠቡን ነግረውኛል። ከታጠበ በኋላ ኮምፒውተሩ አዲሱን አቀማመጥ እንዲማር ተደርጓል? ቆሻሻ ትሮትል ሳለ ኮምፒውተሩ በሩን ትንሽ ከፈት አድርጎ መያዝ ለምዷል። ሲታጠብ ያ ልምድ ስሕተት ይሆናል፤ ዙሩ ከፍ ዝቅ ይላል። በስካነር ተደርጎ ካልነበረ ይደረግ። የፊውል ትሪሙን ንባብ የሚወስዱትም ከዚያ በኋላ ይሁን፤ አለዚያ ቁጥሩ ያሳስታል።

ቅደም ተከተሉን እኔ ብሆን እንዲህ ነበር የማደርገው። መጀመሪያ የየሲሊንደሩ ቆጠራና የሁለቱ ወገን ትሪም፣ አንድ ወረቀት ላይ። ቀጥሎ የማግኔቶቹን ሶኬት በጨርቅ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ ካንዴላዎቹን ማውጣትና መደርደር፣ ግፊቱንም እዚያው መለካት። ከዚያ ጭስ። እዚህ ሲደርሱ ምክንያቱ እንደሚገኝ ተስፋዬ ትልቅ ነው። ከተያዘው መረጃ ተነስቼ አንዱን ምረጥ ብባል በቀኝ ወገን የማኒፎልድ ማሸጊያውን ወይም የኢንጀክተር ቀለበቶቹን እመርጣለሁ። ምርጫዬ ግን ልኬትን አይተካም። ቁጥሮቹ ሌላ ካሉ ቁጥሮቹን ይመኑ።

ኢንጀክተር የሚመጣው ይህ ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ሚስፋየሩ አንድ ሲሊንደር ላይ ሲቆም ነው። ያን ጊዜም የዚያ ሲሊንደር ኢንጀክተር ከጎረቤቱ ጋር ይቀያየር፤ አዲስ ቀለበት ይግባላቸው። ችግሩ ተከትሎ ከሄደ አንድ ኢንጀክተር ይግዙ።

እስኪስተካከል ድረስ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። የቼክ ኢንጂን መብራቱ በርቶ ቢቆም ቀስ ብለው መንዳት ይችላሉ። ብልጭ ድርግም ካለ ግን ነዳጁን ቀነስ ያድርጉና ቦታ ፈልገው ያቁሙ። ያ ምልክት ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ (ጭስ ማውጫው ላይ ያለው የጭስ ማጽጃ) እየገባ ነው ማለት ነው። እዚያ ውስጥ ይቃጠላል፤ ውስጡን ያቀልጠዋል። የሚኒሞ ችግር ሆኖ የጀመረው የጭስ ማውጫ ችግር ሆኖ ያበቃል።

ጥገናው ሲያልቅም «አሁን ደህና ናት» በሚል ቃል ብቻ አይረከቡ። ኮዱ ይጥፋ፣ የተማረው ትሪም ይሰረዝ። ጥቂት ቀን ይንዷት። ጠዋት ቀዝቃዛ ሳለች ያስነሷት፣ ስትሞቅም ዲ ላይ ያቁሟት። ከዚያ ያው ስካነር ይሰካና ያው ቁጥሮች ይነበቡ፤ ሚኒሞ ላይና 2500 ላይ፣ ቀኝና ግራ። የቀኙ ከግራው ጋር ተቀራርቦ ከ10 በታች ከሆነ ምክንያቱ ተገኝቷል። አሁንም 15 እና 16 ላይ ከቆመ መብራቱ ስለጠፋ ብቻ አይቀበሉ፤ ተመልሶ ይበራል። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ንባብ፣ የካንዴላዎቹንም ፎቶ በቅደም ተከተላቸው ከላኩልኝ አብረን እናየዋለን።